ካታሊስቱ ምን በደለ?

ዛሬስ አልችልም፣ ልተንፍስ።

ሁለት ወር ሙሉ «ካታሊስትህ ደካማ ነው» ስባል ከረምኩ። (ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ምላሽን የሚያፋጥን ነገር ነው።) አማካሪዬ ይሉኛል፣ የላብራቶሪ ጓደኞቼ ይሉኛል። በመጨረሻ እኔም አመንኩ። ካታሊስቴን፣ አሉሚናውን (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው)፣ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ሠራሁት። አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ እቶን ውስጥ አሳደርኩ። ያው ነው፤ ንቅንቅ የለም።

ሥራው ኢታኖልን ወደ ኢቲሊን መቀየር ነው። ስኳር ፋብሪካዎቻችን ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣሉ፣ ከኢቲሊን ደግሞ ፕላስቲክ ይሠራል። ርዕሱ ሲመረጥ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። የኢታኖሉ ትነት በ350 ዲግሪ ገደማ በአሉሚና ላይ ያልፋል፣ ውሃው ይወጣለታል፣ ኢቲሊን ይቀራል። በቃ።

የእኔ የአሉሚና እንክብል ግን 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሽምብራ በሉት። በውስጡ ያለው ቀዳዳ ደግሞ በናኖ ሜትር የሚለካ ነው። በአንድ ግራም አሉሚና ውስጥ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ተደብቋል፣ ግን የሚገኘው እዚያ ጠባብ ለጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ኢታኖሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ወደ ውስጥ ሲያዘግም፣ ደጃፍ ላይ ያለው አሉሚና ቀድሞ ይበላዋል። መሃሉ ጦሙን ያድራል። እኛ ደግሞ እንክብሉን በሙሉ መዝነን «በግራም ይህን ያህል ሠራ» እንላለን። የተኛውንም ቆጥረን!

እናቴ ይህን ከእኛ ላብ በተሻለ ታውቀዋለች። ከሰል ስታቀጣጥል መጀመሪያ የምትፈልገው ሙቀት ነው። ጭራሮ ትጨምራለች እንጂ ገና በጥቁሩ ብታራግበው ዋጋ እንደሌለው ታውቃለች። ፍም ከሆነ በኋላ ግን ማራገቢያዋን ታነሳለች። ያኔ ከሰሉ የቸገረው አየር ነው፤ መቃጠሉንማ ተክኖታል። ትልልቁን ከሰል ትሰባብረዋለች፣ ድቃቂውን ግን ምድጃውን እንዳያፍነው አራግፋ ትጥላለች። የሪአክተር (ምላሹ የሚካሄድበት ዕቃ) ዲዛይን ማለት ይኸው ነው! እሷ ግን ማስተርስ የላትም።

እኛ ምን ተማርን? ኪነቲክስን (የምላሽ ፍጥነትን) በአንድ ሴሚስተር፣ የሙቀትና የቁስ ዝውውርን በሌላ። በአንዱ ፈተና ቁሱ ካታሊስቱ ጋ በተአምር ደርሷል ተብሎ ይታሰባል፤ በሌላው ደግሞ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አይጠይቅም። ሁለቱ መምህራን ኮሪደር ላይ እንኳ ቆመው ሲያወሩ አላየሁም። ነገሩ አዲስ ሆኖ እኮ አይደለም። ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ዳምኮለር በ1937 ጀርመን ውስጥ፣ ቲሌ በ1939 አሜሪካ ውስጥ፣ ዜልዶቪች በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አስልተው ጨርሰውታል። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ነው።) ሦስቱም በየፊናቸው!

ምልክቱም ዓይናችን ሥር ነበር። ሙቀቱን እየቀያየርኩ ያወጣሁት አክቲቬሽን ኢነርጂ (ምላሹ ሙቀት ሲጨመርለት ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳየው ቁጥር) ከሚጠበቀው ግማሽ ገደማ ሆነ። ግማሽ! በቀዳዳ ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ሙቀት ብትጨምርለት እምብዛም አይፈጥንም፣ ምላሹ ግን ይከንፋል። ሁለቱ ተደባልቀው ሲለኩ የሚወጣው ቁጥር ወደ ግማሹ ይወርዳል። እኛ ግን «ቴርሞኮፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ተበላሽቷል» ብለን አዲስ ገዛን። የውጭ ምንዛሬ አወጣን!

አንድ ቅዳሜ ላብ ውስጥ ማንም አልነበረም። እንክብሉን ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩት፣ በወንፊት ነፋሁት፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ አደረስኩት። ያው ካታሊስት፣ ያው ክብደት፣ ያው ሙቀት። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ያን የባከነ ሁለት ወር አሰብኩት።

ሰኞ ለአማካሪዬ አሳየኋቸው። ግራፉን አገላብጠው አዩት።

«ጎበዝ! በል ለትልቁ ሪአክተርም ሁሉንም አድቅቀው።»

ኧረ በሕግ አምላክ! የትልቁ ሪአክተር ቧንቧ 2 ሜትር ይረዝማል። በቀስታ በሚፈስ ጋዝ የፍሬውን መጠን በግማሽ ስታሳንሰው ጋዙን ለማሳለፍ የሚባክነው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። እኛ ያሳነስነው ደግሞ ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ሚቴንን ከእንፋሎት ጋር አድርገው ሃይድሮጅን የሚያወጡት ፋብሪካዎች እንክብላቸውን የሚበሱት፣ ቀለበት የሚያደርጉት ወደው አይደለም። እዚያ ከእንክብሉ አቅም የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ቢሆንም አያደቁትም፤ ቅርጹን ይለውጣሉ፣ ወይም ንቁውን ብረት እንደ ዳቦ ቅርፊት ላይ ላዩን ብቻ ይቀቡታል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። እሳቸው ስልካቸውን እያዩ «ሙቀጫው ካልበቃህ ወፍጮ ቤት ውሰደው» አሉኝ።

20 ኪሎው በጆንያ ሆኖ በር ላይ ተቀምጧል። ጥበቃው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ የምን እህል ነው?»