ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የቀረው ግስ

ማንበብ የተማርኩት ከፊደል ገበታ አይደለም፤ ከአክስቴ ቤት ግድግዳ ነው።

ቤቱ ጉለሌ ነው፤ የጭቃ ቤት። ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል። ዓመት በዓል ሲመጣ እቴቴ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ትሠራና አዲሱን ጋዜጣ በአሮጌው ላይ ትደርባለች። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አላት። ቢሆንም አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ትለጥፈዋለች። "ተገልብጧል እኮ" ስንላት "ብርድ ይከላከልልኝ ብዬ እንጂ ልማርበት አይደለም" ትላለች።

መጨረሻ የለጠፈችው የ1983 ዓ.ም. ጋዜጣ ነው። ከአልጋው ራስጌ እስከ ቁም ሳጥኑ ድረስ የተዘረጋው የአንድ ቀን ጋዜጣ ነበር፣ ያውም ቀጥ ብሎ። እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ በትልልቁ፣ የፕሬዚዳንቱ ዜና አለ። ማዕረጋቸው ብቻ ሁለት መስመር ይፈጃል። ፕሬዚዳንትነቱ አለ፣ ዋና አዛዥነቱ አለ፣ ከዚያ ስማቸው ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ቁም ሳጥኑ። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። እቴቴ ደግሞ ለጥፋ ስትጨርስ ሳጥኑን መልሳ ግሱ ላይ ገፋችው። ስለዚህ በዚያ ቀን ፕሬዚዳንቱ ምን እንዳደረጉ ሳላውቅ አደግሁ።

ከሱ ሥር የጦር ሜዳው ዜና ነው። ጠላት ተደምስሷል። ይሄ ለኔ አዲስ አልነበረም፤ በአሮጌው ሽፋንም ተደምስሶ ነበር። የእቴቴ ባል፣ ጋሼ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አንድ ቀን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ርዕሱን አዩትና "ይሄ ሰውዬ አሁንም ሞተ?" አሉ። እቴቴ በድንጋጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ? የኛ ደግሞ አፍም ነበረው።

ጋሼ ጋዜጣ አያነቡም ነበር፤ መንገድ ነው የሚያነቡት። ጭነት ወደየት እንደማይሄድ ካወቁ የቀረው አይጠፋቸውም። የካቲት ላይ "ባሕር ዳር ጭነት የለም" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ደብረ ማርቆስም የለም"። ቀጥሎ ነቀምት። ማታ ማታ ጋቢ ተከናንበው፣ የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ የአሜሪካን ድምፅን ወይም ዶቼ ቬሌን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። ከጋቢው ሲወጡ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም። እቴቴ ፊታቸውን ታያለች፤ ከዚያ ሽሮ ትገዛለች። ፊታቸው የጠቆረ ቀን ሁለት ኪሎ።

ከጦር ሜዳው ዜና ጎን ሌላ ርዕስ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ስለመሄዳቸው ይናገራል። እኔ ሁለቱንም ጮክ ብዬ፣ ተራ በተራ አነበብኩና "ጠላት ከተደመሰሰ ተማሪዎቹ ማንን ሊወጉ ነው?" አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እቴቴ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝ። ዳቦ የሚቆረሰው ለበዓል ብቻ ስለነበር በማግስቱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ።

ወደ አልጋው በኩል ደግሞ ወጣቱ በነቂስ ወጥቶ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ እየዘመተ ስለመሆኑ የሚያትት ነበር። በዚህ ርዕስ ቀጥታ አናት ላይ፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል፣ የእቴቴ ትልቁ ልጅ ተኝቷል። ሰሞኑ አፈሳ ነው። ልጁ ቀን ቀን እዚያ ነው የሚውለው፣ ማታ ወርዶ ይበላል።

አንድ ከሰዓት የቀበሌው ሰውዬ መጡ። ቡና ደርሶ ነበርና ተቀመጡ። የተቀመጡት ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ስለዘመተው ወጣት የተጻፈበት ሥር ነው። አቦል ጠጡ። ቶና ላይ ከኮርኒሱ አንድ ሳል ወረደ። አቧራ ነው መሰለኝ፣ ልጁ አልቻለም።

"ድመታችን ናት" አለች እቴቴ።

ሰውዬው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ፤ ከዚያ ጋዜጣውን አዩ፤ ከዚያ እቴቴን።

"ብርድ መቷታል" አሉ። "ማታ ማታ ዝንጅብል ይሰጣት።"

በረካቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። ዛሬም ድረስ የዚያን ዘመን መንግሥት ስረግም እሳቸውን ነጥዬ አስቀምጣለሁ።

ከርዕሶቹ ሁሉ ሥር፣ ጣት በሚያህል ቦታ፣ ማስታወቂያዎች ነበሩ። አንዱ መታወቂያ ጠፍቶበታል። አንዱ ደግሞ ሚስቱን በፍርድ ቤት ይጠራታል፤ አድራሻዋን አላውቅም ይላል። በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ አንድ ነገር ከእጁ እንደወጣ በአደባባይ ያመኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ በቁጥጥር ሥር ነበር።

ግንቦት ገባ። አንድ ማታ ጋሼ ቤት እንደገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ "አምቦ" አሉ።

"የውሃው አምቦ?" አለች እቴቴ።

"የውሃው።"

"ወይኔ! ታዲያ ይሄማ ከነጠርሙሱ ደረሰ በለኛ!"

አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በጋሼ መኪና ጠዋት ተነሥቶ ቁርስን እዚያ መብላት ነው። ግንቦት 13 ሬዲዮኑ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው መሄዳቸውን ተናገረ። እሳቸው ዚምባብዌ ገቡ፣ የእቴቴ ልጅ ከኮርኒስ ወረደ። ሁለቱም ዳግመኛ አልተመለሱበትም። በ20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

እቴቴ ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ አልለጠፈችም። ሌላ ጊዜ ግድግዳው በስሚንቶ ተለሰነ፣ ቀለምም ተቀባ። ከባዱን ሳጥን ግን ማንም ሊያነሣው ስላልፈለገ ዙሪያውን ቀብተው ተዉት። ያነሣነው ባለፈው ወር ነው፤ እኔና የኮርኒሱ ልጅ። እሱ አሁን ወገቡን ያመዋል። ሳጥኑን ስንገፋ ወረቀቱ እዚያው ነበር፣ ቡናማ ሆኖ፣ ጠርዙን አይጥ በልቶት። እኔ አላስቻለኝም። ተንበርክኬ በስልኬ መብራት ፈለግሁት። ገለጹ ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት፤ አለዚያም አሳሰቡ።

"ምን ይላል?" አለች እቴቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና። ዓይኗ ደክሟል።

"'አስገነዘቡ' ይላል።"

"ምኑን?"

"እሱ አይጥ የበላው ጋ ነው።"

ትንሽ አሰበች።

"በል ቅባው" አለችኝ። "ቀለሙ ሳይደርቅ።"