ጨው በእንፋሎት አይሄድም

«ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውሃ ደህና አድርገህ ካፈላኸው ጨዉ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል» የሚል ምክር ወሎ ውስጥ እየተዛመተ ነው። መካሪዎቹ ይህን የሚሉት በቅንነት ነው፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሚሄደው ውሃው ነው፣ ጨዉ ይቀራል። ጨው ለመቅለጥ ብቻ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል። ውሃ ደግሞ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። (ንፍሮ የሚቆይብን አንዱ ምክንያትም ይኸው ከፍታችን ነው።)

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙና አፍላው። ግማሹ ሲቀር አቀዝቅዘህ ቅመሰው። ጭራሽ ብሶበታል! በቀስታ ካደረቅከው ድስቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ታገኛለህ። የአፍዴራ ጨውስ ቢሆን ውሃው በፀሐይ ተኖ የቀረው አይደል? ጨዉ አብሮ ቢተን ኖሮ ወጣችን አልጫ ነበር።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እሱን እንዳትተዉ። ነገር ግን እንደ አንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን የበዛበት ውሃ ከሆነ፣ ብዙ ባፈላችሁት ቁጥር የቀረው ውሃ ፍሎራይዱ ይጠናከራል። የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸውም እሱ ነው።