ማስተካከያ፦ «ሉዓላዊ ዜጋ» የነጭ ገበሬዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በስልክ የሚቀባበሉት ጽሑፍ አለ። አሜሪካ ውስጥ «ሉዓላዊ ዜጋ ነኝ፣ የመንግሥት ሕግ አይገዛኝም» የሚሉት ዘረኛ ነጭ ገበሬዎች ብቻ ናቸው ይላል። ግማሹ እውነት ነው።

ሐሳቡ የተስፋፋው በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ፖሴ ኮሚታተስ በተባለ ዘረኛና ፀረ አይሁድ ቡድን ነው። በ1980ዎቹ ገበሬው በባንክ ዕዳ መሬቱን ሲነጠቅ፣ «ዕዳ የሚሰርዝ ወረቀት አለን» የሚሉ ሰዎች ገበያቸው ደራ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ራሳቸውን «ሙር» የሚሉ ጥቁር አሜሪካውያንም ያዙት። ጉድ እኮ ነው፤ እነሱን ከሚጠላ ቡድን የወጣ ሐሳብ! ግን ዕዳ፣ ከቤት መባረር፣ የትራፊክ ቅጣትና የፍርድ ቤት ምልልስ ያስመረረው ሰው በሁሉም ሰፈር አለ። ቅጽና ሴሚናር እየሸጠ የሚያተርፍም አይጠፋም። ጀርመንም የዛሬውን መንግሥት የማይቀበሉ «ራይኽስቡርገር» አሏት።

ጽሑፉ «በፍርድ ቤት ያሸንፋሉ» ያለውም ልክ አይደለም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ክርክሩን ደጋግመው ጥለውታል። በካናዳዋ አልበርታም ዳኛ ጆን ሩክ በ2012 በረጅም ውሳኔ ውድቅ አድርገውታል። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ ቅጹን ልግዛ ካለ መጀመሪያ ጠበቃ ያናግር። የሐሰት ሰነድ ማስገባት ሌላ ክስ ያመጣል።