«ምንም፣ ቤት ናት»

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሁለት ጎልማሶች ትሪ ከበው ይጨዋወታሉ። «ባለቤትህ ምን ትሠራለች?» ይላል አንዱ። «ምንም፣ ቤት ናት» ይላል ሌላው፣ እንጀራውን በወጥ እያጠቀሰ።

«ምንም» ስትዘረዘር እንዲህ ናት። የጤፍ ዱቄት በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብትና ከላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋል። ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውኃ አብሲት ይበስላል፤ በረድ ሲል ወደ ቡሃቃው ይመለሳል። በትኩሱ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ ካነሰ ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል። ሳይግል ካፈሰሱበት ይጣበቃል፤ ከልክ በላይ ከጋለ ሥሩ ያርራል። ይህ ሁሉ ተሳክቶ ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራት ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሰፈሩም ሁሉ የሚጥደው በአንድ ሰዓት ነው። ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ መብራት ኃይልን አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል።

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ግሩም ተረት ነው፤ ጉረኛን ልክ ያስገባል። የቤት እመቤቶች ግን ቃል በቃል ወስደውት ሙያቸው በልባቸው ቀረ፤ መታወቂያው ላይ አልወጣም።

ቃላቱን ተመልከቱልኝ። ይኸንኑ ሊጥ የቤት እመቤቷ ስትጋግረው «ሥራ የላትም»። ተቀጥራ የምትጋግረዋ «ሠራተኛ» ትባላለች፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ስላወጣ፣ ሠራተኛነቷ ሳሎን ድረስ ብቻ ነው። ነጭ ቆብ የደፋ ወንድ ሆቴል ውስጥ ድስት ሲያማስል «ሼፍ» ነው። ሀብታም ባል እሑድ እሑድ እንቁላል ከጠበሰ «ዘመናዊ» ይባልና ፎቶ ይነሳል። ድሃው ባል ሚስቱ አራስ ሆና ምጣድ ከጣደ ግን «ሴታ ሴት» ነው፤ ያውም ፎቶ የሚያነሳው የለ!

የቆየ ቂምም አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ከሾመ በኋላ፣ አሽከርና ገረድ ማቅረብ ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ብሎ ነበር። ካልቻለ! «ለሴት ማጀት ተፈጥሮዋ ነው» እያሉ ለሚሰብኩን ሰዎች ይቺን ቃል በክታብ ሰፍቶ አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ነው። ተፈጥሮ ከሆነ የባልየው ኪስ ምን አገባው? ባል ሲያገኝ ሚስት ከማጀት ትወጣለች፤ በቦታዋ የሌላ ድሃ ልጅ ትገባለች። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ፤ ከጓዳ መውጫውም በዚያው በኩል ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ቢሽረውም፣ ኪሱ እስከ ዛሬ ይፈርዳል። «ወይዘሮ»ም እኮ ድሮ የመኳንንት ሴት መጠሪያ ነበር፤ አሁን ለሁሉም ሲታደል ገረዶቹ አብረው አልታደሉም።

ወዴት ሄድን? ድንኳኑ። እዚያ ያለውን እንጀራ ሌሊቱን ሲጋግሩ ያደሩት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ማለትም «ምንም» የማይሠሩት። ሰውየው ሁለተኛውን ዙር ዘርግተውለት አገላብጦ አየና ለጓደኛው ሹክ አለው፦

«አብሲት አንሷታል።»