የሚቀጥለው ሴሚስተር ሰውዬ

ሰውዬው በሚቀጥለው ሴሚስተር ይመጣል። ሁሌም በሚቀጥለው ነው የሚመጣው። ሲመጣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ክፍል ሲገባ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጭንቅላቱን የሚነቀንቀው ትምህርቱ ገብቶት እንጂ እንቅልፍ እየጣለው አይደለም። ስልኩን ዶርም ጥሎት ይወጣል። ላይብረሪ የሚሄደውም ሊያነብ ነው፤ ዋይፋይ ፍለጋ አይደለም።

ስሙም መልኩም የኔ ነው። ልዩነታችን እኔ አሁን መኖሬ፣ እሱ ገና መምጣቱ ብቻ ነው።

ከፍሬሽማን ጀምሮ ከበድ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የማስተላልፈው ለሱ ነው። ያልገባኝን ካልኩለስ እሱ ይጨርሰዋል። እንግሊዝኛዬን እሱ ያሻሽለዋል። የወረደውን ግሬድ እሱ ያነሳዋል። ኤክሴል በደንብ የሚችለው እሱ ነው። ቦርጩን ሳይቀር እሱ ያጥፋው ብያለሁ። ይኸው ተመራቂ ልሆን ነው፤ ሰውዬው እስካሁን ሪፖርት አላደረገም።

ሴሚስተር በተጀመረ ሳምንት ግን የመጣ ይመስላል። ምልክቱ ደብተር ነው። የመጀመሪያው ገጽ መታየት አለበት። የኮርሱ ስም በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ በማስመሪያ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ቀኑ በቀኝ ጥግ ተቀምጧል። ትርጓሜው በሰማያዊ፣ ምሳሌው በጥቁር ነው። ፊደሉ የጥሪ ካርድ ላይ የሰፈረ ይመስላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀዩ እስክሪብቶ የለም። አምስተኛው ላይ ማስመሪያውም ተሰናብቷል፤ መስመሩ በእጅ ነው። ሰባተኛው ገጽ ላይ «የዚህ ንድፈ ሐሳብ ዋነኛ ጠቀሜታ» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር ወደ ታች እየተንሸራተተ ይሄድና አንድ ረጅም ጭረት ሆኖ ያልቃል። እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያች ጋ ነው። ስምንተኛው ገጽ ላይ የሌክቸረሩ ጫማ ተስሏል። በደንብ ነው የተሳለው፤ የማሰሪያው ክር ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንጹሕ ወረቀት ነው። እሱን ሰውዬው ሲመጣ ይጽፍበታል።

ይሄ የኔ ብቻ አመል ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ጥናት ተጠንቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ሥራ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን «በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። «ሁሉ ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ተባሉ። ቢበዛ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። ሁሉ ነገር ይበላሽ ብለው አስበውም አልበቃም ማለት ነው። ሳነበው ዘመዶቼን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ደግሞ ተማሪ ስለሆንን ነው እንዳትሉ። ዳንኤል ካህነማን የሚባለው ታላቅ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው፣ ከባልደረባው ከኤሞስ ትቨርስኪ ጋር ሆኖ የዚህን የግምት በሽታ ምንነት የጻፈ ሰው ነው። እሱ ራሱ በአንድ ወቅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ነበር። ቡድኑ በሁለት ዓመት ገደማ እንጨርሳለን አለ። መጽሐፉ ስምንት ዓመት ፈጀ። ሲያልቅ ደግሞ ያዘዘው መሥሪያ ቤት ፍላጎቱ በርዶ ነበርና ሳይጠቀምበት ቀረ። የመጽሐፉ ርዕሰ ጉዳይ ምን መሰላችሁ? ትክክለኛ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን ማስተማር።

ሌክቸረሮችም ብትሆኑ የራሳችሁ ሰውዬ እንዳላችሁ ደርሰንበታል። «የሚድ ውጤት በሚቀጥለው ሳምንት ይለጠፋል» ስትሉ የምታወሩት ስለሱ ነው። እኛም ገብቶናል። አንጨቃጨቅም።

ሰውዬው ሲቀር ቦታውን የሚሸፍነው ሽምደዳ ነው። ፈተና ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሃንድአውቱ ከነአቧራው ይወጣል። ችከላ ይጀመራል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እየሸመደደ በስንት ጊዜ እንደሚጠፉበት በራሱ ላይ ለክቶ ነበር። በአንድ ሰዓት ገደማ ከግማሽ በላዩ በንኖበታል። በሚቀጥለው ቀን የቀረለት ሲሶው ገደማ ነው። የኛ ሃንድአውት በእርግጥ ትርጉም አለው ይባላል። ሆኖም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም። ጠዋት ፈተና ክፍል በር ላይ ተሰልፈን ጭንቅላታችንን ቀጥ አድርገን የምንሄደው ለዚህ ነው። ዘንበል ካልን ይፈስሳል።

ወደ ግሩፕ አሳይመንት ልምጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያለው ሰው በግሩፕ ሠርቶ አያውቅም። መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል። ስሙ ላይ የእሳት ምልክት ይደረግበታል። ሁሉም «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ይላል። በርቱ የሚለው ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ፈጠን ያለው «ከቨር ፔጁን እኔ እሠራለሁ» ብሎ ይገላገላል። ሌላው ፕሪንት ማድረጉን ይወስዳል። አንዷ ምስኪን ከመግቢያ እስከ ማጠቃለያ ያለውን ትሠራለች። እሷ በሁሉም ግሩፕ ውስጥ አለች፤ እንዲያውም ዲግሪያችንን ብትከፋፈለን ደንበኛ ድርሻ ይደርሳታል። አሳይመንቱ ገብቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ አንዱ ብቅ ይልና «ሰላም ነው፣ ምን ላግዝ?» ብሎ ይጽፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ይህን በገመድ ለክቶታል። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ሰው ብቻውን ገመድ ሲጎትት ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ከሚጎትተው ግማሽ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ! የኛ ግሩፕ ግማሽ ቢያዋጣ ኖሮ ሁላችንም ኤ እናገኝ ነበር።

ስለ ራስን ማሻሻል ብዙ የምለው የለኝም። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «በጊዜ መተኛት ሕይወቴን እንዴት ለወጠው» የሚል ቪዲዮ እያየሁ ነው። በእጥፍ ፍጥነት ነው የማየው፤ ጊዜ ለመቆጠብ። በቆጠብኩት ጊዜ ቀጣዩን ቪዲዮ አያለሁ።

አንድ የተሻሻለ ነገር ግን አለ፤ ሐቁን መናገር ይሻላል። ፍሬሽማን እያለን ሌክቸረሩ «ያልገባችሁ አለ?» ሲል ሁላችንም ጫማችንን እናያለን። አንድ ቀን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አውጥቼ «አልገባኝም» አልኩ። «የቱ ጋ?» አለኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ» አልኩት። ክፍሉ አንዴ ሳቀ፤ ከዚያ ከኋላ «እኔም» የሚል ድምፅ መጣ። ከጎኔ ሌላ «እኔም»። ያቺ በየግሩፑ ያለችው ልጅ ሳትቀር «እውነት ለመናገር...» ብላ ጀመረች። ሌክቸረሩ ዞሮ ስላይዱን አፍጥጦ አየው። ትንሽ ቆየና «እስቲ እኔም ደግሜ ልየው» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እጅ ማውጣት አይከብደኝም። ይሄን ሰውዬው አያደርገውም። እሱ ሁሉ ነገር ስለሚገባው የሚጠይቀው የለውም። አንዳንዴ ሳስበው ትንሽ ደባሪ ሳይሆን አይቀርም።

የሥራ ተስፋዬ ከዓመት ዓመት እየጠራ ነው የሄደው። ፍሬሽማን ሳለሁ «ስትመረቅ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉኝ የራሴን ኩባንያ እከፍታለሁ እል ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ እቀጠራለሁ አልኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ «ጥሩ ድርጅት» ሆነ። አሁን የምፈልገው ስልክ የሚደውልልኝ ድርጅት ነው። ማስታወቂያዎቹ እንደሆነ ይታወቃሉ። «አዲስ ተመራቂ፣ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላሉ። ሳይመረቅ ሦስት ዓመት የሠራ፣ ሠርቶም አዲስ የሆነ። እሱን ነው የሚፈልጉት፤ እኔን አይደለም። ሰውዬውን ያውቁታል ማለት ነው።

የዶርም ጓደኛዬ ለኢንተርቪው ሊያለማምደኝ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ድምፁን አጎረነነ።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያገኙታል?»

አንድ በአንድ ነገርኩት። ማኔጀር ነኝ አልኩት። ሁለት ቋንቋ ጨምሬያለሁ። ማስተርሴን ጨርሻለሁ። በየሳምንቱ መጽሐፍ አነባለሁ።

«ቆይ ቆይ» አለ፣ ድምፁ ወደ ራሱ ተመልሶ። «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ። እኔም ጋ ይመጣል የተባለው እሱ ነው። ለስንታችን ነው ቃል የገባው?»

ማመልከቻ ስጽፍ የሚያጽናናኝ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ነበር። አስር ነጥብ ዘርዝሯል። ቀላልና ጠንካራ ድልድይ እሠራለሁ ይላል። መድፍ እሠራለሁ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እሠራለሁ ይላል። እሠራለሁ፣ እሠራለሁ፣ እሠራለሁ። ሥዕል መሳል እንደሚችል የነገረው መጨረሻ ላይ፣ በቸልታ ነው። ለገዢው አባት መታሰቢያ የሚሆን ትልቅ የነሐስ ፈረስም ቃል ገብቷል። ለዓመታት ለፍቶ የሸክላ ሞዴሉን አደረሰ። ነሐሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1494 ለመድፍ ሥራ ተወሰደበት። በ1499 ሚላንን የያዙት የፈረንሳይ ቀስተኞች ሸክላውን ዒላማ መለማመጃ አደረጉት። ሊዮናርዶ ግን ሥራውን አግኝቷል። ሉዶቪኮ ቤት ለዓመታት ተቀምጧል።

እኔም በዚያው መንገድ እየጻፍኩ ነው። «እችላለሁ»ዎቹን «እሠራለሁ» አድርጌያቸዋለሁ፤ ኤክሴሉም አራተኛ ነጥብ ላይ ገብቷል። ድልድዩን ብቻ ነው ያወጣሁት። ያመለከትኩት ለሒሳብ ሠራተኛነት ነው።