ተመርቆ የተቆለፈው ይባረክ

ምቀኛ ምን ይላል? «ጎጃም ውስጥ ገበሬው ስለ አየር ንብረትና ስለ እርሻው እንዲማርበት የሚሠራ የማኅበረሰብ ዕውቀት ማዕከል ይመረቃል እንጂ አይከፈትም» ይላል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሣሁት።

ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ የአየር ንብረት ጥበቃ ከየት ይመጣል? ማዕከሉ መብራት አያበራም። ኮምፒውተሮቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። ማተሚያው ወረቀት አይበላም፣ ስለዚህ ዛፍ አይቆረጥም። ሰው አይገባበትምና ትንፋሽ እንኳ የለም። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2050 እደርስበታለሁ የሚለውን የተጣራ ዜሮ የበካይ ጋዝ ልቀት እኛ ሪባን በተቆረጠ ማግሥት ደርሰንበታል።

ምረቃው ደግሞ ሲያምር! ባነሩ ላይ ሁለት እጆች ምድርን እንደ እንቁላል አቅፈዋል፤ ከጎኑ የጮቄ ተራራው ተክል ጅባራ። የክብር እንግዳው መቀሱን ከትሪው ያነሣል። ካሜራው አልደረሰም። ይመልሰዋል። እንደገና ያነሣል። ጭብጨባ! ከዚያ አንዲት ችግኝ ለስድስት ተይዛ ትተከላለች፤ በሃይላንድ ውኃ ጠብ ይደረግላታል። ሁለተኛ ውኃ የምታየው ክረምት ሲገባ ነው።

ከጮቄ ሥር ገብስና ድንች የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ እዚያው በር ላይ አገኘሁ።

«አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ኖራ የት እንደሚገኝ ልጠይቅ። አፈሩ ኮምጥጧል አሉኝ።»

«ቁልፉን የያዘውስ?»

«ሥልጠና ሄዷል።»

«የምን ሥልጠና?»

«ማዕከል እንዴት እንደሚመራ ነዋ፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ቆርቆሮው ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ይኸው አገልግሎት! ጥላ ቀላል ነገር ነው?

አዲሱ ማዕከል የቆመው ከአሮጌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ አጠገብ ነው፣ ብቻውን እንዳይከፋው መሰለኝ። በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለከብት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት ተብሎ የተሠራውን ማለቴ ነው። አሮጌውን ጠግኖ ኖራና ዘር ማስገባት ይቻል ነበር። ግን ጥገና ሪባን አይቆረጥበትም። የጽዳት ሠራተኛና የቁልፍ ያዥ ደመወዝም ፎቶ አይወጣለትም። ገንዘብ ሰጪውም ተቀባዩም በዚህ ላይ አንድ ልብ ናቸው።

ገንዘቡማ ሩቅ መንገድ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ሀብታም አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለድሆቹ እናሰባስባለን አሉ። በራሳቸው ቆጠራ የሞላው በ2022 ነው፤ ብዙውም ብድር። ከዚያ ተርፎ ጮቄ የሚደርሰው ለመቀስና ለሪባን ከበቃ ተመስገን ነው።

ዕውቀቱስ? ጎርፍ ማሳውን እንዳይበላው ፈሰስ በየት በኩል እንደሚወጣ ሽማግሌው በእግራቸው ለክተው ያሳዩሃል። ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ በተባለው የአፈር ምርምር ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ኖሯል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለምን ዞሯል። ጮቄ ለመድረስ አበል እየጠበቀ ይመስለኛል።

የሚያሳዝኑኝ የጎጃም ቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ናቸው። ይኸን ሁሉ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ አንድ የፕሮጀክት ሰነድ አላዘጋጁም። ሎጎ የላቸው፣ የሻይ ሰዓት የላቸው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። መምህሩ በር ሲቆልፉ አልታዩም። ኧረ ባለሙያ ይላክላቸው፣ በዚህ አያያዝ ዘላቂነት የላቸውም!

የምሥራች ልንገራችሁና ላብቃ። ሰው ለምን ማዕከሉ ውስጥ እንዳልገባ የሚያጠና ሁለተኛ ምዕራፍ ሊጀመር ነው አሉ። ዐውደ ጥናቱ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። ቀበሌው ላይ ለማድረግ ታስቦ ነበር፤ አዳራሽ ጠፋ። ያለው አንድ አዳራሽ ደግሞ ተቆልፏል።