ነርሶቹን ብቻ አትውቀሱ
አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «የሆስፒታል ነርሶች ለድንገተኛ አደጋ ዝግጁ አይደሉም» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ማን አዘጋጃቸው? እኔም ነርስ ነኝ። የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ልምምድ የሚባል ነገር የለም። ሐምሌ 2016 ደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትም አብረው ሲቀበሩ አይተናል። እንዲህ ባለ ቀን ቁስለኛው በአንዴ በር ላይ ሲከመር፣ ቀይ (አሁኑኑ መታከም ያለበት) ማን ነው፣ ቢጫ (ትንሽ መቆየት የሚችል) ማን ነው፣ አረንጓዴ (ጉዳቱ ቀላል የሆነ) ማን ነው የሚለውን በደቂቃ መለየት አለብህ። የሚቀድመው አብዝቶ የሚጮኸው አይደለም፤ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ትንፋሽ ያጠረው ነው። ይሄ በንባብ ብቻ አይመጣም፣ እጅ መልመድ አለበት። ቢያንስ በየስድስት ወሩ የሌሊት ተረኞቹን ጨምሮ፣ ጥበቃውና ካርድ ክፍሉም ሳይቀር፣ ልምምድ ይደረግ። የጓንትና የኦክስጅን መጋዘን ቁልፍም እባካችሁ ንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቤት አይደር!